ስለ ራዲዮ አምፑል፦ ከእንጦጦ ግርጌ የተሰማው ድምፅና በአገራችን ያልተሠራው ዕቃ

መግቢያ

በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ በየካ በኩል ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ለሚያልፍ መንገደኛ፣ በዛፍ የተከበቡ ሁለት ሰፋፊ ግቢዎች ይታዩታል። አንደኛው የእንግሊዝ ኤምባሲ ነው። ሁለተኛው ሰፈሩን ሁሉ «ፈረንሣይ ለጋሲዮን» ያሰኘው የፈረንሣይ ኤምባሲ ነው። የሁለቱም ቦታ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን የተሰጠ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ከከተማው ውጭ የነበሩት እነዚህ ግቢዎች ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ መካከል ይገኛሉ።

ከእነዚህ ግቢዎች በአንደኛው በ1928 ዓ.ም. የሆነ አንድ ነገር የዚህ ጥናት መነሻ ነው። የጥናቱ ዓላማ ግን የዲፕሎማቶችን ታሪክ ለመጻፍ አይደለም። በዚያ ቀን የብዙ ሰው ሕይወት የተንጠለጠለበትን አንድ ትንሽ ዕቃ፣ ይኸውም የራዲዮ አምፑልን፣ ተከትለን ሁለት ጥያቄዎችን ለመመርመር ነው። ይህ ዕቃ ወደ አገራችን ገብቶ ይህን ያህል ዘመን ሲያገለግል ስለ ምን አልተሠራም? ዛሬስ እንሥራው ብንል ምን ያጋጥመናል? እንግሊዞች ዕቃውን «ቫልቭ»፣ አሜሪካኖች «ቲዩብ» ይሉታል። በመልኩም በአሠራሩም የመብራት አምፑል ወንድም ስለ ሆነ እኛ በዚህ ጽሑፍ የራዲዮ አምፑል እንለዋለን።

፩. ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ አበባ፣ በዋሽንግተን በኩል

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ወደ ጅቡቲ ከሄዱ በኋላ፣ የኢጣሊያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን እስኪገባ ድረስ፣ ከተማይቱ ያለ ጠባቂ ቀረች። ሱቆች ተዘረፉ፣ ቤቶች ተቃጠሉ፣ መንገዱም የጥይት መንገድ ሆነ። ከውጭ አገር ሰዎች ብዙዎቹ ከላይ በጠቀስናቸው በሁለቱ ለጋሲዮኖች ተጠለሉ። የእንግሊዝን ለጋሲዮን የሚጠብቁ የሲክ ወታደሮች ነበሩ።

የአሜሪካ ለጋሲዮን በሌላው የከተማ ወገን ነበርና ይህን የመሰለ ጠባቂ ጦር አልነበረውም። ሹሙ ኮርኔሊየስ ኤንገርት ግቢያቸው በተኩስ በተጨነቀ ጊዜ ከእንግሊዙ ሚኒስትር ከሰር ሲድኒ ባርተን እርዳታ ለመጠየቅ ፈለጉ። በሁለቱ ግቢዎች መካከል ያለው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም በስልክ መነጋገር አልተቻለም፤ መልእክተኛ መላክም ሞት ነበር። በለጋሲዮኑ ግን የአሜሪካ ባሕር ኃይል የራዲዮ ሠራተኞች ነበሩ። ስለዚህ ጥያቄው በራዲዮ ወደ ዋሽንግተን ተላከ፤ ከዋሽንግተን ወደ ለንደን ተላለፈ፤ ከለንደንም ተመልሶ ከእንጦጦ ግርጌ ላለው የእንግሊዝ ለጋሲዮን ደረሰ። የሲክ ወታደሮችም ወጥተው እርዳታውን አደረሱ። በእግር ከሁለት ሰዓት በታች የሚሄዱት መንገድ በሁለት አህጉር ዞሮ ተፈጸመ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ አስገራሚ ወሬ ይነገራል። እኛ ግን ሌላ ነገር እንይበት። በዚያ ዘመን የነበረ አጭር ሞገድ ራዲዮ ሁሉ፣ የሚልከውም የሚቀበለውም፣ የሚሠራው በአምፑል ነበር። በዚያች ሰዓት አንድ አምፑል ተቃጥሎ መለዋወጫው ባይኖር ኖሮ መልእክቱ ከግቢው አይወጣም ነበር። ያንንም አምፑል በአገሩ ውስጥ ሊሠራ የሚችል አንድም ሰው አልነበረም።

፪. አምፑሉ ምን ይሠራል?

በመብራት አምፑል ውስጥ የጋለ ክር ኤሌክትሮን እንደሚረጭ አስቀድሞ ታውቆ ነበር። እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1904 ይህን ጠባይ ተጠቅሞ ባለ ሁለት ክፍል አምፑል ሠራ። ኤሌክትሪኩ ከጋለው ክፍል (ከካቶድ) ወደ ቀዝቃዛው ክፍል (ወደ አኖድ) ያልፋል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። በ1906 አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ክፍል ጨመረ፤ ይህም እንደ ወንፊት ያለ የሽቦ አጥር ነው። በዚህ አጥር ላይ የሚደርስ ደካማ የኤሌክትሪክ ለውጥ ከካቶድ ወደ አኖድ የሚያልፈውን ብርቱ ፍሰት ያዝዛል። በር ጠባቂ በአንድ ጣቱ ትልቁን በር እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ ያለ ነው።

የዚህ ትርጉሙ ትልቅ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ሲሠራ ድምፅን በመንገድ ላይ የሚያጎላ መሣሪያ በዓለም ገና አልነበረም፤ ድምፁም እየራቀ በሄደ ቁጥር እየደከመ ይሄድ ነበር። አምፑሉ ከመጣ በኋላ ግን የደከመውን ማጉላት፣ ያለ ሽቦም ወደ ሩቅ መላክ ተቻለ።

፫. አምፑሉ በአገራችን

አገራችን በአምፑል ኃይል ለዓለም የተናገረችው በአቃቂ ነበር። የአቃቂው የራዲዮ ጣቢያ በኢጣሊያው በአንሳልዶ ኩባንያ ተሠርቶ በ1927 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የወረራውን ስጋት በራዲዮ ለውጭው ዓለም ገለጹ። ጣቢያውን የሠራው ኩባንያ ወራሪው ጦር የመጣበት አገር ኩባንያ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። መለዋወጫ ማን ይልካል ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ከጠላት አገር ወይም ከሌላ ሩቅ አገር ነው ከማለት በቀር ሌላ አልነበረም።

ከነጻነት በኋላ የአምፑሉ ሥራ እየሰፋ ሄደ። በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የተቋቋመው ብሥራተ ወንጌል የራዲዮ ጣቢያ ተከፈተ። እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት ኃይል ያላቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ነበሩት። በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሥራውን ጀመረ። ቴሌቪዥኑን የሚያየው ሰው ፊት ለፊት የሚመለከተው መስታወት ራሱ ትልቅ ባዶ አምፑል ነበር። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ብሥራተ ወንጌል በመንግሥት ሲወረስ ስሙና ቃሉ ተለወጠ፤ ለማሰራጫው የሚያስፈልገው ታላላቅ አምፑል ግን እንደ ቀድሞው ከውጭ የሚገዛ ዕቃ ሆኖ ቀረ። መንግሥት ይለወጣል፤ አምፑሉ ግን ማን መንግሥት እንደ ሆነ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ተተኪውን ብቻ ነው።

በየቤቱም እንዲሁ ነበር። ኮተቤ በሚገኘው በአያቴ ቤት፣ በሳሎኑ ጥግ፣ በጥልፍ ጨርቅ የተሸፈነ የእንጨት ሣጥን ያለው ራዲዮ አለ። አያቴ ሲናገሩ፣ ቁልፉ ከተጫነ በኋላ አምፑሎቹ እስኪግሉ ጥቂት ዝም ይላል፤ ኋላ ቀይ ብርሃን በጀርባው ቀዳዳ ይታያል፤ ከዚያ ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ቀስ እያለ ይቀርባል። ከአራቱ አምፑሎች አንዱ ከተቃጠለ ወዲህ ግን ሣጥኑ ዝም ብሏል። ሦስቱ ደኅና ናቸው። እንጨቱም፣ ድምፅ ማጉያውም፣ ሽቦውም ደኅና ነው። እኔ ይህን ጥናት ለመጀመር ያነሣሣኝ የዚያ ሣጥን ዝምታ ነው።

፬. መሥራቱ የሚያስቸግረው ምኑ ላይ ነው?

አንዳንድ የትምህርት ጓደኞቻችን «ዕቃው ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው ነው፤ ዛሬ በዚህ ሁሉ ሳይንስ መሥራቱ ምን ይከብዳል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት አምፑሉን ፈትተን ክፍሎቹን አንድ በአንድ እንይ።

በመጀመሪያ ባዶነቱ ነው። በአዲስ አበባ፣ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በሜርኩሪ ሚዛን ከ760 ወደ 570 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። በእንጦጦ ራስ ላይ፣ 3,200 ሜትር ያህል፣ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይጠጋል። ስለዚህ እንጦጦ ላይ ፋብሪካ ቢሠራ አየሩ አስቀድሞ ስለ ሳሳ ሥራው ይቀላል የሚል ሰው ይኖራል። ነገር ግን በአምፑሉ ውስጥ የሚፈለገው ግፊት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ከ760 ወደ 510 መውረድ ለዚህ ጉዞ ከቤት ደጃፍ እንደ መውጣት ብቻ ይቆጠራል። ችግሩ ያለው በመጨረሻው ላይ ነው። መስታወቱና ብረቱ ራሳቸው በውስጣቸው የደበቁትን ጋዝ ይተፋሉና፣ አየሩ እየተሳበ ሳለ ብረቱን እስኪቀላ ማጋል ያስፈልጋል። ከታሸገም በኋላ የቀረውን ጋዝ እንዲለቅም ባሪየም የተባለ ብረት በውስጡ ይተናል። በአሮጌ አምፑል ራስ ላይ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቀው ነገር ይኸው ነው። ያ ብር መሳይ ቅብ ነጭ ከሆነ አየር ገብቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው ካቶዱ ነው። ይህ ቀጭን የኒኬል ቧንቧ ሲሆን በላዩ የባሪየምና የስትሮንቲየም ካርቦኔት ይቀባል፤ አየሩ ሲሳብ በእሳት ወደ ኦክሳይድ ይለወጣል። በሥራ ላይ ከ700 እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እየጋለ ለብዙ ሺህ ሰዓት ኤሌክትሮን መስጠት አለበት። በኒኬሉ ውስጥ የሌላ ማዕድን ቅልቅል ጥቂት ቢበዛ ወይም ቢያንስ፣ በሠራተኛው ጣት ላይ ያለ ላብ ቢነካው፣ ዕድሜው ያጥራል። ጥፋቱም በዚያው ቀን አይታይም፤ ከወራት በኋላ በገዢው ቤት ይታያል እንጂ።

ሦስተኛው መስታወቱና ሽቦው የሚገናኙበት ቦታ ነው። ሽቦው በመስታወቱ ውስጥ ሲያልፍ፣ ሁለቱ ሲሞቁ እኩል ካልሰፉ፣ ሲቀዘቅዙም እኩል ካልጠበቡ፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ለዚህ ሲባል የብረትና የኒኬል ድብልቅ በመዳብ ተለብጦ የሚሠራ ልዩ ሽቦ፣ ከእርሱም ጋር የሚስማማ እርሳስ ያለበት መስታወት ተፈለሰፈ። በአስኮ ያለው የጠርሙስ ፋብሪካችን ያወጣው ጠርሙስ ለቢራና ለለስላሳ መጠጥ ይሆናል፤ ለዚህ ግን አይሆንም። መስታወት ማቅለጥና የአምፑል መስታወት መሥራት ሁለት ሥራዎች ናቸው።

አራተኛው የእጅ ሥራው ነው። ከጠጉር የቀጠነ የሞሊብዴነም ሽቦ በሁለት ዘንግ ላይ በእኩል ርቀት ይጠመጠማል፤ ክፍሎቹ ሁሉ በሚካ ቅጠል ተይዘው ይገጣጠማሉ። በአውሮፓና በአሜሪካ ፋብሪካዎች ይህን ይሠሩ የነበሩት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ነበሩ፤ በአጉሊ መነጽር ሥር ቀኑን ሙሉ ይገጥሙ ነበር። የእጅ ጥበብ ለአገራችን ሰው ችግር አይሆንም፤ የሐረርን ስፌትና የሸማኔዎቻችንን ጥለት ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም።

፭. ከጋፋት እስከ ዛሬ

ከዚህ በላይ የዘረዘርነው የሚያሳየው አንድ ነገር ነው። አምፑሉ አንድ ምስጢር የለውም፤ እርስ በርሳቸው የተሰናሰሉ ብዙ ትንንሽ ሙያዎች አሉት እንጂ። በዚህ ረገድ ከራሳችን ታሪክ አንድ ምሳሌ ማምጣት ይጠቅማል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የውጭ አገር ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ አሠርተዋል፤ ከሁሉም የበለጠው ሴባስቶፖል ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል። ወደ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጎትቶ ወጣ። ፈቃድ፣ ትጋትና ጉልበት እንዳልጎደለ ይህ ይመሰክራል። ነገር ግን በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሲሞቱ ጋፋትም ቆመ። ሥራው በንጉሡ ፈቃድና በጥቂት ሠራተኞች ላይ ብቻ ቆሞ ነበርና፣ ከእርሱ በታች ብረት አቅልጦ የሚሸጥ፣ ከእርሱ በላይም ዕቃውን የሚገዛ አልነበረም። በዚያ ላይ በአገራችን ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው ይናቅ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን የሚሰድበውን የሚከለክል ዐዋጅ ማውጣታቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያስረዳል። ያ ንቀት የቀጣዩን ትውልድ እጅ ከመዶሻው አራቀ።

ሰንሰለቱ ሲበጠስ ምን እንደሚሆን ለማየት ግን ወደ ሀብታሞቹ አገሮች መሄድም ይቻላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1947 በቤል ላቦራቶሪ ትራንዚስተር ከተሠራ በኋላ አምፑሉ ገበያውን እያጣ ሄደ። ፊሊፕስ፣ አር.ሲ.ኤ.፣ ቴሌፉንከንና ሌሎቹም አንድ በአንድ የራዲዮ አምፑል መሥራታቸውን ተዉ። ፋብሪካው ሲዘጋ ልዩውን ሽቦ የሚስበው፣ ልዩውን ኒኬል የሚያቀልጠው፣ ካርቦኔቱን የሚያዘጋጀውም ገዢ አጥቶ ሥራውን ተወ። ማሽኖቹ ተሰባብረው ለብረት ተሸጡ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በወረቀት ያልተጻፈው ዕውቀት፣ ማለት የምድጃውን ሙቀት በዓይን የሚለየው የአሮጌው ሠራተኛ ዕውቀት፣ ከሰውየው ጋር ጡረታ ወጣ።

ዛሬ በብዛት የራዲዮ አምፑል የሚሠራባቸው ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ በስሎቫኪያ ቻድጻ ያለው ጄጄ ኤሌክትሮኒክ፣ በሩሲያ ሳራቶቭ ያለው ፋብሪካ፣ በቻይናም ጥቂት ናቸው። በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት ሮስቪል ዌስተርን ኤሌክትሪክ በትንሹ ይሠራል። ገዢዎቹም አብዛኛውን ጊዜ የጊታር ማጉያ የሚጠቀሙ ሙዚቀኞችና ጥሩ ድምፅ ወዳዶች ናቸው። በ2022 በአውሮፓ አቆጣጠር ሩሲያ በዩክሬን ጦርነት ሳቢያ የአንዳንድ ዕቃዎችን መውጣት በከለከለች ጊዜ፣ የሳራቶቭ አምፑል ለጊዜው በመቋረጡ በዓለም ሁሉ ዋጋው ተወደደ። በ1928 ዓ.ም. በእኛ ላይ የነበረው ጥገኝነት ከዘጠና ዓመት ገደማ በኋላ በኒው ዮርክና በለንደን ባሉ ሙዚቀኞች ላይ ደረሰ።

፮. ለእኛ ምን ይሆናል?

እንግዲህ «አምፑሉ በውድ ዋጋ ይሸጣል፤ እኛም ጉልበት አለን፤ ፋብሪካ እናቋቁም» ለሚሉት ጓደኞቻችን መልሳችን ምንድን ነው? ጥሬ ዕቃ የለንም ማለት አይቻልም። በጉጂ ቀንጢቻ የሚወጣው ታንታለም የታላላቅ ማሰራጫ አምፑሎች አኖድ ይሠራበት የነበረ ብረት ነው፤ ሲግል ጋዝ ይለቅማልና። ነገር ግን እኛ ወደ ውጭ የላክነው ጥሬ ማዕድኑን እንጂ ብረቱን አይደለም። በማዕድኑና በአኖዱ መካከል ያሉት ሙያዎች ሁሉ በእጃችን የሉም። ማሽን ብንገዛ ለማሽኑ የሚሆን ሽቦ፣ ለሽቦውም የሚሆን መስታወት መግዛት ይኖርብናል። ይህ ጋፋትን መድገም ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩ ያለፈበት ዕቃ ስለ ሆነ እንተወው ማለትም ስሕተት ነው። በባዶ አየር የሚሠራ ዕቃ ከሕይወታችን አልወጣም። ከእንጦጦ ሳንርቅ እዚያው የካ ውስጥ ባለው በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ እንደ ማናቸውም ሆስፒታል፣ የታመመ ሰው የሚነሣበት ራጅ የሚወጣው ከባዶ አምፑል ነው። በየቤቱ ምግብ የሚያሞቀው ማይክሮዌቭ ልቡ ማግኔትሮን የተባለ አምፑል ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በየሳሎኑ የነበረው ቴሌቪዥን ጠፋ፤ ለሳተላይት ግንኙነት የሚሠራው የሞገድ አምፑል ግን ዛሬም በሰማይ ይዞራል። በእንጦጦ ራስ ላይ የተተከሉት፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። የማናቸውም ትልቅ ቴሌስኮፕ መስተዋት በአሉሚኒየም የሚቀባው በባዶ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ከዓመታት በኋላም እንደገና መቀባት ያስፈልገዋል። በዚያው በእንጦጦ የምድር ጣቢያዋ ያለው፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይትም፣ እንደ ማናቸውም ሳተላይት፣ ወደ ሰማይ ከመውጣቷ በፊት በባዶ ክፍል መፈተን የሚገባት ዕቃ ናት።

ስለዚህ የእኛ አሳብ እንደሚከተለው ነው። የአምፑል ፋብሪካ ሳይሆን የባዶነት ሙያ ያስፈልገናል። በአንድ ኮሌጅ ውስጥ መስታወት የሚነፋ አንድ ሰው፣ ጥሩ የአየር መሳቢያ አንድ ማሽን፣ መጠነኛ ምድጃ ቢኖር፣ ተማሪዎች የፍሌሚንግን ባለ ሁለት ክፍል አምፑል በገዛ እጃቸው ሊሠሩ ይችላሉ። ያ አምፑል ለገበያ አይሆንም፤ ምናልባትም ከጥቂት ሰዓት በላይ አይሠራም። የሚሠራው ተማሪ ግን መስታወት ለምን እንደሚሰነጠቅ፣ ብረት ጋዝ እንዴት እንደሚደብቅ፣ ባዶ የሚባለው ነገር ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ በእጁ ያውቃል። የሆስፒታልን የራጅ መሣሪያ የሚጠግን፣ የቴሌስኮፕን መስተዋት የሚቀባ ሰው የሚወጣው ከእንዲህ ያለው ተማሪ ነው። ጋፋት የጎደለው መድፍ ሳይሆን ከመድፉ በፊትና በኋላ የሚመጣው ሙያ ነበር።

ሁለተኛው አሳባችን ለታሪክ ተማሪዎች ነው። በሾላ፣ በኮተቤ፣ በፈረንሣይ ለጋሲዮን አካባቢ አሮጌ ራዲዮ የጠገኑ፣ በማሰራጫ ጣቢያ ያገለገሉ አረጋውያን ዛሬም ይገኛሉ። አምፑሉ ሲያልቅባቸው ምን ያደርጉ ነበር? አንዱን በሌላው እንዴት ይተኩ ነበር? ይህ ሳይጻፍ ቢቀር፣ በውጭ አገር ፋብሪካዎች የጠፋው ዕውቀት በእኛም ዘንድ ሁለተኛ ጊዜ ይጠፋል።

በ1928 ዓ.ም. ከአንድ የከተማ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ የተላከው ጩኸት ዓለምን ዞሮ እንዲደርስ ያደረገው አምፑል የተሠራው በሌላ አገር ሰው እጅ ነበር። በአያቴ ሳሎን ያለው ሣጥንም የሚጠብቀው ያንኑ እጅ ነው። ምናልባት አምፑሉን መቼም አናገኘውም። ነገር ግን በእኛ ኮሌጅ የሚማር አንድ ልጅ፣ ያ ራዲዮ ስለ ምን ዝም እንዳለ ለአያቴ በትክክል አስረድቶ፣ ቢያንስ በመስታወቱና በሽቦው መገናኛ ላይ የተፈጠረውን ስንጥቅ በጣቱ ሊያሳያቸው ከቻለ፣ ይህ ጥናት በከንቱ አልተጻፈም።